ሐሙሷንና እሑዷን ለሰጠችን እህታችን፣ ለሁላችሁም

ውድ ዘመዶቻችን፣ ወዳጆቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፤

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙኒክ ቤታችን ገብተናል። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጦ «ብዙ አታስረዝሚው» ይለኛል። አልሰማውም።

የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም እኔ ራሴ በቅጡ ሳይገባኝ ሰምታችሁ ደውላችሁልኛል። ስለዚህ ያቺን ጠዋት መልሼ አልተርካትም። የባለቤቴ ልብ ነው። ጣሊያን ውስጥ፣ ከቶዲ ወደ ኦርቪዬቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ተርፏል። በቃ።

ምስጋና በወጉ ሲሆን ከአባቶች ይጀምራል። አባቶቼ ይቅር ይበሉኝና እኔ ከእሷ ነው የምጀምረው። ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለች፤ «እህቴ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

እህቴ ኦርቪዬቶ ውስጥ ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን አንዲት ሲኞራ ትጦራለች። ጣሊያን ያላችሁ ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ «ባዳንቴ» የሚሉት ነው። እዚያው ማደር፣ ማጠብ፣ ማብሰል፣ ሌሊት በተጠሩ ቁጥር መነሣት። ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ፀጉሯን የምትሠራው፣ ገንዘብ ለመላክ የምትሄደው፣ ከልጇ ጋር ረጋ ብላ በስልክ የምታወራው ያኔ ነው። ያንን ነው አንሥታ የሰጠችን። ገንዘብ ቢሆን እመልስ ነበር። ይህን በምን እመልሰዋለሁ?

እንዴት አገኘችን መሰላችሁ? ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ እዚህ ማን ይሰማኛል ብዬ፣ «እመ ብርሃን ድረሽልኝ፣ እመ ብርሃን ድረሽልኝ» እያልኩ ድምፄን አውጥቼ አለቅሳለሁ። ለካ ሲኞራዋን ለደም ምርመራ አምጥታቸው ኖሯል። ዊልቸሩን እየገፋች አልፋኝ ሄደች። ከዚያ መለስ አለች። «እትዬ፣ ሀበሻ ነዎት እንዴ?»

መልስ አልወጣኝም። አንገቷ ላይ ነው የተጠመጠምኩት። ሲኞራዋ ነገሩ ሳይገባቸው እጄን ያዙኝ፤ ሲነገራቸው ደግሞ «እኔ እጠብቃለሁ፣ አንቺ ከእሷ ጋር ቁሚ» አሏት። ምርመራቸው ቀርቶ እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቆዩ። እሳቸውንም እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይጨምርልዎ አልል ነገር፣ እሱንስ በደንብ ሰጥቷቸዋል።

እዚያ አገር ሆስፒታል ስትተኙ ፒጃማውን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ፎጣውን፣ የሚጠጣውን ውሃ ሳይቀር የሚያመጣው ቤተሰብ ነው። እኔ ምን አውቄ! ሻንጣችን መኪናው ውስጥ፣ መኪናው ኮርባራ ሐይቅ ዳር። በማግስቱ እህቴ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች። የሲኞራዋ ሟች ባል ፒጃማ ነው። ነጭ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ተተኩሶ የታጠፈ፤ ከላይ ሁለተኛዋ ቁልፍ በቀይ ክር የተተከለች። ሰውዬው ረጅም ነበሩ መሰለኝ። ባለቤቴን ደግሞ ታውቁታላችሁ። እጅጌው ጣቶቹን አልፎ ይንጠለጠላል። ማሽኑና ገመዱ ሁሉ ሰውነቱ ላይ ተተብትቦ እሱ እጅጌውን እያየ ሳቀ። ከዚያ በፊት ይኖራል ብዬ አላመንኩም ነበር። ሲስቅ ነው ያመንኩት።

አስተርጓሚዬም እሷ ነበረች። ሐኪሙ እጁን እያወናጨፈ ረጅም ንግግር ያደርጋል። እሷ ዞር ብላ «ደህና ነው እትዬ፣ ጋሼ ይድናሉ» ትለኛለች። ያ ሁሉ ንግግር ይኼው ብቻ ነው? ኋላ ወረቀቱን እዚህ ለሐኪማችን ስናሳየው ነው ምን ምን እንደደበቀችኝ የገባኝ። አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ያኔ ብሰማው ሁለተኛ አልጋ ያስፈልግ ነበር።

ደግሞ ምግቡ። ሆስፒታሉ ጠዋት ማታ ሾርባ ነው፤ ሩዝ የምታህል ፓስታ የገባባት፣ ጨው የሌላት ሾርባ፣ ከዚያ የተቀቀለ ፖም። ባለቤቴ ማንኪያውን ይዞ ግድግዳ ያያል። እህቴ ጨው የለሽ አልጫ ሠርታ በምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። ነርሷ ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ዘጋች። ልትከለክለን ነው ስንል በጣቷ ለመቅመስ መልሳ ከፈተችው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀን።

እኔንም አልረሳችኝም። ማደሪያዬ ሲኞራዋ ቤት ነበር፤ ከእህቴ ክፍል፣ ከእህቴ አልጋ። እሷ ሶፋ ላይ። «እኔ እኮ ለሊት ስነሣ ስለማድር ሶፋው ይሻለኛል» ትላለች። ውሸቷን ነው።

ከተማዋ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሆነ ዐለት አናት ላይ ናት፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ታች ሜዳው ላይ። በየሐሙሱና በየእሑዱ በፉኒኮላሬ፣ በዚያች በገመድ በምትሳብ ባቡር፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ ትወርዳለች፤ ከዚያ አውቶቡስ። አንድ እሑድ ግን ከአልጋው አጠገብ አስነሥታ «ዛሬ እርስዎ ነዎት የሚወጡት» ብላ ወደ ላይ ወሰደችኝ። ፉኒኮላሬው ከሚቆምበት አጠገብ የቅዱስ ፓትሪክ የሚሉት ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1527 ሮም ስትዘረፍ ሸሽተው ኦርቪዬቶ የገቡት የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ ሰባተኛ ከተማዋ ብትከበብ ውሃ እንዳይጠማት ያስቆፈሩት ነው። ጥልቀቱ ከ50 ሜትር ይበልጣል። ዙሪያውን የተጠመዘዙ ሁለት ደረጃዎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 248 እርከን። ድሮ ውሃ ለመቅዳት የሚወርዱት በቅሎዎች በአንዱ ይወርዱ፣ የጫኑት በሌላው ይወጡ ነበር፤ መንገድ ላይ አይገናኙም ነበር። ታች ስንደርስ ቀዝቃዛ ነው፣ ጨለም ይላል፣ ሰው የለም። ያፈንኩትን ሁሉ እዚያ አለቀስኩት። እሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስጨርስ «በሉ እንውጣ፣ ጋሼ ምሳ ይጠብቃሉ» አለች። ጉልበቴ በወጣሁት ደረጃ ሁሉ ይራገማት ነበር፤ ልቤ ግን ቀለለኝ።

እህቴ ሆይ፣ ይህን ስታነቢ «እትዬ አጋነኑት» እንደምትዪ አውቃለሁ። ቀንሼ ነው የጻፍኩት።

ወደ ሌሎቻችሁ ልምጣ።

መንገድ ላይ የደረሰልን ገበሬ ስሙን አላውቅም። አፔ የሚሏትን ባለ ሦስት እግር መኪና ቲማቲም ጭኖ ይነዳ ነበር። 112 የደወለው እሱ ነው፤ የት እንዳለን እኔ እንዴት ብዬ እናገር ነበር? አምቡላንሱ እስኪመጣ ባርኔጣውን አውልቆ ባለቤቴን ያራግብለት ነበር። ከዚያ ቲማቲሙን ይዞ ሄደ። አማርኛ እንደማያነብ አውቃለሁ። ግን ሳልጽፈው አላድርም።

ሐኪሞቹን፣ ነርሶቹን፣ የአምቡላንስ ልጆቹን፣ ወለል የሚወለውሉትን ሴቶች ሁሉ አመሰግናለሁ። ከመድን ካርዳችን ጀርባ ያለውን የአውሮፓ የጤና ካርድ አይታ «በቃ፣ ይሄ ይበቃል» ብላ ያረጋጋችኝንም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ጉዞ ስትወጡ ያቺን ካርድ አትርሱ። የጉዞ እርዳታ ብለን ገንዘብ የከፈልንበት ሌላ ድርጅት ግን በስልክ ሙዚቃ ሲያሰማን ነው የዋለው። ስሙን አልጠራም፤ ሙዚቃው ጥሩ ነበር።

መኪናችንን ከሙኒክ በባቡር ሄዶ፣ በብሬነር ተራራ መተላለፊያ በኩል ነድቶ ያመጣልን ልጃችን፣ የሥጋ እህቴ ልጅ፣ ተባረክ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ቁልፉን ተቀብለኸኝ መኪናዋን ይዘህ ስትመለስ በቅጥሩ በር የገባህ ጊዜ፣ ያ ቀይ ክብ ምልክት ለጌጥ አልነበረም። ዜታ-ቲ-ኤለ ይባላል፤ ከነዋሪ በስተቀር መኪና አይገባም፣ ካሜራ አለው። ጋሼህ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። ዕድሜውን ሁሉ በጣሊያን ከተማ አንድም ቅጣት የለበትማ! ሁልጊዜ ከታች ካምፖ ዴላ ፊዬራ አቁሞ በኤስካሌተር ነው የሚወጣው። ደብዳቤው ሲመጣ እኛ እንከፍላለን።

«በዚህ ዕድሜ መኪና ነድቶ ጣሊያን ምን ያደርጋል፣ አውሮፕላን እያለ» ያላችሁን አሳቢዎቻችንንም አመሰግናለሁ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይህን ሰው አስቡት። ጡረታ እስኪወጣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። በደቂቃ ተቆጥሮለት፣ ቢዘገይ ተቆጥተውት፣ ቢቀድም ተቆጥተውት። አሁን ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ትቶ ነው መሪ የሚይዘው። አውራ ጎዳናውን አይወድም። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አይነዳም። ወዳጆቻችን «የቀንድ አውጣዎቹ» ያላችሁን በከንቱ አይደለም። ዘንድሮ ኡርቢኖ ገብተን፣ እ.ኤ.አ. በ1483 ሩፋኤል ሠዓሊው የተወለደባትን ከተማ፣ ግማሹን ቀን አንድ ግንብ ላይ ተቀምጠን ዋልን። አሲሲ ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰውን የባሲሊካውን ጣሪያ አንጋጦ ሲያይ አንገቱ እስኪደርቅ ቆመ። አራት ሰው የሞተበት፣ የተሰባበረው ሥዕል ከፍርስራሽ እየተለቀመ የተገጣጠመበት ነው። «ይህን የለቀመ ሰው ትዕግሥት ይስጠኝ» አለ። እኔ እንኳን ለእሱ ትዕግሥት አልለምንም ነበር፤ ሞልቶታል።

ያቺም ጠዋት ቢሆን መኪናዋን ዳር አስይዞ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ሞተር አጥፍቶ ነው ደረቱን የያዘው። አንድ በኩል ገደል፣ ታች ሐይቅ። በሕይወት ያለሁት በሾፌርነቱ ነው። ይህንን ለእሱ ለራሱ ገና አልነገርኩትም፤ አሁን ከጎኔ ሆኖ እያነበበው ነው።

የሮም ወዳጆቻችን በባቡር ድፎ ዳቦ ተሸክማችሁ መጥታችሁ ክፍሉን ስትሞሉት ነርሶቹ ሠርግ መስሏቸው ነበር። የጉዟችን መጨረሻ እናንተ ጋ ነበር። ባለቤቴ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ ያለውን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ካላየሁ ሲል ነው ዓመቱ ያለቀው። የእኛ መነኮሳት የኖሩበት ነው። ከእነሱ ግዕዝ የተማረው የኮሎኙ ጀርመናዊ ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 የግዕዙን መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ሳናየው ቀረን። «ቤተ ክርስቲያኑ የትም አይሄድም፣ ጋሼ ይዳኑ እንጂ» ብላችሁ አጽናናችሁን። የመግቢያ ፈቃዱን ለማስወጣት ቃል ገብታችኋል፤ እኔ እረሳለሁ፣ እሱ ግን አይረሳም።

ሱባኤ የያዛችሁልን የቤተ ክርስቲያናችን አባቶችና ምእመናን፣ የእድራችን አባላት፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች፣ በስልክ፣ በመልእክት፣ በአካል የጠየቃችሁን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ የዘለልኳችሁ፣ ደውላችሁ ያላነሣሁላችሁ ትኖራላችሁ፤ ብዙ ናችሁ። ስልኩ ሌሊት ሲጮህ የሚያስደነግጠኝ ጊዜ ነበር፤ ስለዚህ ዘግቼው አድራለሁ። እባካችሁ እንዳትቀየሙኝ። ስታገኙኝ «እኔንስ?» በሉኝ፤ እዚያው ቆሜ አመሰግናለሁ።

ፒጃማውን አጥቤ፣ ተኩሼ በፖስታ ልልከው ስል ሲኞራዋ በእህቴ በኩል «ራሱ ይዞት ይምጣ» ብለዋል። ሐኪሙ መንዳት ሲፈቅድ እንሄዳለን፤ ካልፈቀደም ባቡር አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ጠበል ጻዲቅ ስላለን ሁላችሁም ኑልን። ባለቤቴ ደግሞ ይህን ጨምሪ ብሎኛል፦ መኪና ይዛችሁ የምትመጡ ሰፈራችን መንገድ ላይ እንዳታቆሙ፤ የነዋሪ ፈቃድ ብቻ ነው። የኡባኑ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ጣቢያ አጠገብ ያለው ማቆሚያ ላይ አቁሙና በእግራችሁ ኑ፤ ሩቅ አይደለም።