ነይና ጎረቤቴ ሁኚ

ሚሚዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! ሥራው፣ ልጆቹ፣ ኮቪዱ፣ ቤት መቀያየሩ እያለ ጊዜው ሳናውቀው ነጎደ። ዝምታው የቅያሜ እንዳልሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ወሬው ልግባ።

ሰሞኑን ከሜሪላንድ የመጣችው ወዳጃችን የአንቺን ነገር አጫወተችኝ። ኪራይሽ እንደገና ተጨምሯል አሉ። እማማ ከመጡ ወዲህ በሁለት መኝታ ቤት አምስት ሆናችሁ እንደምትኖሩም ነገረችኝ። ቤት ልግዛ ብለሽ ጀምረሽ «ለእኛ ዓይነቱ አይሆንም» ብለሽ ተውሽው አለችኝ። ይሄን ስሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይሆናል ሚሚ። እዚህ ይሆናል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ መጥተሽ ቤት እንድትገዢ፣ ጎረቤቴ እንድትሆኚ ልለምንሽ ነው።

ያለሁት ጆርጂያ ውስጥ ስኔልቪል ነው። ከአትላንታ በስተምሥራቅ በሀይዌይ 78 ስትመጪ ስቶን ማውንቴንን አለፍ ብሎ ታገኚዋለሽ። ከተማዋ ራሷ ትንሽ ናት፤ በ2020ው ቆጠራ ነዋሪዋ ከ20 ሺህ ብዙም አይበልጥም። ያለችበት ግዊኔት ካውንቲ ግን ጉድ ነው። በ1990 ከ350 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ነበረው፤ በ2020 ከ950 ሺህ አልፏል። ኮሪያው፣ ሜክሲኮው፣ ናይጄሪያው፣ ሕንዱ፣ የእኛም ሰው ገብቶበታል። የከተማዋ ስም ራሱ ከስደተኛ የመጣ ነው። በ1870ዎቹ ቶማስ ስኔልና ጀምስ ሶየር የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ከለንደን መጥተው እዚህ ሱቅ ከፈቱ። ከተማዋ በስኔል ስም ቀረች።

የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው ክላርክስተን ነው። ስደተኞችን ተቀብሎ በማስፈር ስሙ የታወቀ ትንሽ ከተማ ነው። ዲካልብ ፋርመርስ ማርኬት የሚባለው ትልቅ ገበያ የገባሽ እንደሆነ አማርኛ ሳትሰሚ አትወጪም። ሰዉ እዚያ አካባቢ ይከራያል፣ ይሠራል፣ እቁብ ይጥላል፣ ከዚያ እጁ ጠርቀም ሲል ወደ ታከር፣ ሊልበርን፣ ስኔልቪል፣ ሎረንስቪል ይወጣል። እኛም የመጣነው በዚያው መንገድ ነው።

ለምን እዚህ ካልሽኝ አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ከእኛ ሦስተኛው ቤት የምትኖር እህታችን እናቷ አዲስ አበባ አረፉባት። ዘመድ የደወለው ለእሷ ሳይሆን ለዕድሩ ጸሐፊ ነው። መርዶው እንደ ወጋችን ሊነጋጋ ሲል ይነገር ተባለ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኛ ሳሎን ተሰበሰብን። ቄሱ መጡ፣ አክስቷ ከሎረንስቪል መጡ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለብሰን በእግራችን ሄድን። በእግራችን፣ ሚሚ! ባሏ ነገሩን ያውቅ ነበርና በሩን ከፈተልን። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ደጇ ቆሞ ስታይ ማንም ሳይናገር ገባት።

ልቧ እስኪወጣ አለቀሰች። ከላይ ወለል የሚደበድብ፣ ፖሊስ እጠራለሁ የሚል የለም። ቤዝመንቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አልተለየውም። የዕድሩ ወንበርና ጠረጴዛ በፒክአፕ ተጭኖ መጣ። አንዷ ንፍሮ ቀቀለች፣ አንዷ ምስር ወጥ ሠራች፣ ወንዶቹ መኪና እንዳይደራረብ መንገድ ዳር ቆመው ያሳዩ ነበር። ከፊት ለፊት የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊት አሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። መኪናው ሲበዛባቸው ምን ሆናችሁ ብለው መጡ። ነገርናቸው። በማግስቱ የስኳር ድንች ፓይ ጋግረው ይዘው ተመለሱ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ከሴቶቹ መሃል ተቀመጡ፣ እስኪመሽም አልተነሱም። በእሳቸው ቤተ ክርስቲያንም ሐዘንተኛ ቤት ምግብ ሳይዙ አይኬድም አሉን። የደቡብ ሰው ወግ ለእኛ ወግ እንዲህ ይቀርባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሳለን ለቅሶ እንዴት እንደምንቀመጥ ታስታውሺያለሽ? ለአዳራሽ ማዋጣት፣ ለመኪና ማቆሚያ ሰፈሩን ሦስቴ መዞር፣ ማታ በጊዜ ተነሱ መባል። ቤት ማለት ለእኔ ይሄ ነው። የሰው ሐዘንና ደስታ የሚገባበት ቦታ። ክርስትናው፣ የማኅበር ፅዋው፣ የልጆች ምርቃቱ እዚሁ ሰፈር ውስጥ ነው የሚሆነው። የእስላም ጎረቤቶቻችን በረመዳን አፍጥር ይጠሩናል፣ እኛም ለፋሲካ እንጠራቸዋለን። ይህ ሁሉ የሚዘልቀው ሰው ሲቆይ ነው። ኪራይ በተጨመረ ቁጥር የሚለቅ ሰው ዕድር ማቆም አይችልም። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ በባንክ ከተወረሱት ቤቶች ብዙዎቹን ትልልቅ ኩባንያዎች ገዝተው አሁን ያከራያሉ። እዚህ አካባቢ በጣም ብዙ ነው። የእኛ ሰው ገዝቶ በገባበት መንገድና እነሱ ባከራዩበት መንገድ መሃል ያለውን ልዩነት በዓይኔ ስላየሁ ነው እንዲህ የምወተውትሽ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለዳውን ፔይመንት፣ ማለት ለቅድሚያ ክፍያው፣ የቤቱን ዋጋ ሃያ በመቶ ከየት አመጣለሁ ብለሻል አሉ። ሃያ በመቶ ግዴታ አይደለም። መንግሥት ዋስ በሚሆንበት፣ ኤፍኤችኤ በሚባለው ብድር የክሬዲት ነጥብሽ ከ580 ካላነሰ 3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት ይበቃል። የ350 ሺህ ዶላር ቤት ብትገዢ 12,250 ዶላር ማለት ነው። ክሎዚንግ ላይ፣ ማለት ፈርመሽ ቤቱን በምትረከቢበት ቀን፣ የሚከፈለው ለብቻው ነው፤ እሱንም ያዢ። ትንሽ ከፍለሽ ስለምትገቢ በየወሩ የሞርጌጅ ኢንሹራንስ፣ ማለት ብድሩን ባትከፍዪ ለአበዳሪው የሚሆን ዋስትና፣ ይጨመርብሻል። ከዚህ ሌላ ጆርጂያ ድሪም የሚባል የስቴቱ ፕሮግራም አለ፤ በዳውን ፔይመንት ያግዛል። የገቢ ጣሪያ አለው፣ የቤት ገዢ ትምህርትም ያስወስዳል። ሜሪላንድም የራሱ አለው፤ ግን እዚያ ባለው ዋጋ የትኛውን ቤት ትገዢበታለሽ?

እቁብሽ ሊወጣልሽ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለሽ! ግን አደራ፣ ብሩን ቤት ልትገዢ ባለሽበት ሳምንት ባንክ እንዳትከቺው። አበዳሪው ያለፉትን ሁለት ወራት የባንክ ወረቀትሽን ይጠይቃል። ድንገት ብዙ ብር ገብቶ ካየ ከየት መጣ ይልሻል። እቁብን ለፈረንጅ ማስረዳት ቀላል አይደለም። አስቀድመሽ አስገቢው፣ ቢያንስ ሁለት ወር ይተኛ። ባለቤትሽ ኡበሩን ገና እየነዳ ከሆነ ደግሞ የሁለት ዓመት ታክስ ያዩበታል። ታክስ ለመቀነስ ወጪውን ሁሉ ያስጻፈ ሰው በወረቀት ገቢው ትንሽ ሆኖ ይቀርና ብድር ይከለከላል። የዘንድሮውን ታክስ ከማስሞላቱ በፊት ለሚሞላለት ሰው ቤት ልገዛ ነው ብሎ ይንገረው።

ወለዱ ይውረድ ብለሽ አትጠብቂ። በ2021 መጀመሪያ የሠላሳ ዓመቱ ብድር ከ3 በመቶ በታች ነበር፤ በ2023 ኦክቶበር ወደ 8 ተጠግቶ ነበር። ማን አወቀው? ወርሃዊ ክፍያው አቅምሽ ከሆነ ግቢ። ቆይቶ ከወረደ ሪፋይናንስ ታደርጊያለሽ፤ ብድሩን በአነሰ ወለድ ትለውጪዋለሽ ማለት ነው። አቅምሽ ካልሆነ ደግሞ እኔው ራሴ ቆዪ እልሻለሁ።

ቤቱን ስናይ አብሬሽ ነኝ። ጆርጂያ ውስጥ ውል ስትፈርሚ ዱ ዲሊጀንስ የሚባል ቀናት እንዲሰጥሽ ትደራደሪያለሽ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ቤቱን አስመርምረሽ ካልወደድሽው ያስያዝሽውን ገንዘብ ይዘሽ ትወጪያለሽ። ቀኑ ካለፈ ግን ገንዘቡ አደጋ ላይ ነው። ፉክክር ስላለ ኢንስፔክሽን ይቅር የሚልሽ ኤጀንት ካጋጠመሽ ተይው። እዚህ ምስጥ አለ። በመሠረቱ ግንብ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ካየሽ ምስጥ ነው። የምስጥ ዋስትና ውል አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። መሬቱ ቀይ ሸክላ ነው፤ ሲዘንብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የቤዝመንቱን ግድግዳ በእጃችን እየዳሰስን እርጥበት እናያለን። ጣሪያው ላይ የተንጋደደ የጥድ ዛፍ ካለም ማስቆረጫው ውድ ነው። ቆየት ያሉት ቤቶች ብዙዎቹ ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኙም፣ ሴፕቲክ ናቸው፤ ፍሳሹ ግቢ ውስጥ በተቀበረ ጋን ይጠራቀማል። መጥፎ አይደለም፣ ግን መቼ እንደተመጠጠ ወረቀቱን እንጠይቃለን።

የኤችኦኤውን፣ ማለት የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ደንብም ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው። ሣር፣ የቆሻሻ በርሜል፣ መኪና አቋቋም ሁሉ ደንብ አለው። ከባድ መኪና የሚነዱ ወንድሞቻችን ትራካቸውን በር ላይ ማቆም ተከልክለው ሌላ ቦታ ይከራያሉ። ክፍያው ከተጠራቀመ ደግሞ ቤቱን ሊያሲዙብሽ ይችላሉ።

ክሎዚንጉ ጠበቃ ቢሮ ነው፤ እዚህ ሕጉ እንደዚያ ነው። የስቴቱ የሞርጌጅ ታክስ አለ፣ ከ300 ሺህ ብድር ላይ 900 ዶላር ይሆናል፤ ሲያነቡልሽ እንዳትደነግጪ። የምለምንሽ አንድ ነገር፦ ገንዘቡን ወደዚህ አካውንት ላኪ የሚል ኢሜይል ሲመጣ ከመላክሽ በፊት ጠበቃው ቢሮ በምታውቂው ስልክ ደውለሽ በአፍ አረጋግጪ። ሌቦች ልክ የጠበቃውን የሚመስል ኢሜይል ይልካሉ። የላብሽን ገንዘብ እንዲህ እንዳታጪው። ከገባሽ በኋላ ደግሞ የሆምስቴድ ቅናሹን፣ ማለት በራሱ ቤት ለሚኖር ሰው የሚሰጠውን የቤት ታክስ ቅናሽ፣ እስከ ኤፕሪል 1 አመልክቺ፤ ጃንዋሪ 1 ላይ ቤቱ በስምሽ ሆኖ የምትኖሪበት መሆን አለበት። ማንም መጥቶ አይነግርሽም፣ ራስሽ ካላመለከትሽ ዝም ብለሽ ትከፍያለሽ።

ክፉውንም ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ባቡር የለም። ከ1971 ጀምሮ የካውንቲው ሰው የሕዝብ ትራንስፖርት ይስፋፋ ተብሎ ሲጠየቅ ደጋግሞ በድምፁ እምቢ ብሏል፤ በ2024ም እንዲሁ። ያለ መኪና አትኖሪም፣ ጠዋት 78 ላይ የሚያጋጥምሽ ትራፊክ ያማርራል። ስቶን ማውንቴን ላይ ልጆቹን ስትወስጃቸው በቋጥኙ ላይ የተቀረጹት ባርነትን ለማቆየት የተዋጉት መሪዎች ናቸው። ጎረቤቴ አስተማሪዋ ታሪኩን ለልጆቼ ቁጭ ብለው አስረድተዋቸዋል፤ ያንቺዎቹም ከእሳቸው አፍ ቢሰሙት ደስ ይለኛል። ተራራው ራሱ ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስትወጪ ከፊትም ከኋላም አማርኛ ይሰማሻል።

ለልጆቹ አታስቢ። ቤተ መጻሕፍቱ አዲሱ መሃል ከተማ ውስጥ ነው፣ በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ የገበሬ ገበያ አለ፣ ብሪስኮ ፓርክ ሐይቅም መዋኛም አለው። ለእማማም፣ ከ2023 ግንቦት ጀምሮ የእኛው አየር መንገድ አትላንታ ስለሚገባ አገር ቤት ደርሶ መመለሱ ይቀላቸዋል። ብቻ ምድር ቤቱ ላይ መኝታና መታጠቢያ ያለው ቤት ነው የምንፈልገው፤ በዚያ ጉልበታቸው ደረጃ አይወጡም። ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው ሰው ከየቤቱ አይጠፋም።

ጸደይ ላይ አትምጪ፤ የጥዱ ብናኝ መኪናውንም ዓይንሽንም ቢጫ ያደርገዋል። ኦክቶበር ላይ ነይ። ሆቴል ምናምን እንዳትይ፣ ቤዝመንቱ አልጋ አለው። የሁለት ዓመት ታክስሽን፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀትሽንና የባንክ ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፤ አማርኛ የሚናገር አበዳሪ ጋ አብረን እንሄዳለን። የሊዝሽ ማብቂያ መቼ እንደሆነ ንገሪኝና ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረን እንነሳ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ፣ ደውዪልኝ። ለእማማ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

እህትሽ