የድጋፍ ጥሪ፦ የተባረሩት አካዲያውያን ስም በሞንክተን ግድግዳ ላይ ይጻፍ

ሰላም ወዳጆች፣ እንደምን ናችሁ?

ሳላንዛዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እዚህ ካናዳ፣ ኒው ብረንስዊክ ውስጥ ሞንክተን በምትባል ከተማ የምንኖር ሰዎች ተሰባስበን ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ልናሠራ ተነስተናል። ሥዕሉ የሚያስታውሰው ከ1755 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከቤት ከመሬታቸው ተነቅለው በመርከብ የተጋዙትን አካዲያውያንን ነው። ግድግዳው ተገኝቷል። የሕንፃው ባለቤት ፈቅደዋል። ንድፉም ተጀምሯል። የጎደለን ገንዘብ ነው፤ የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

ኮሚቴው ውስጥ አካዲያውያን አሉ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሚክማቆች አሉ፣ እንደ እኔ ከሩቅ የመጣንም አለን። ለሀገሬ ልጆች በአማርኛ መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆነ።

"አካዲያውያን ደግሞ እነማን ናቸው?" ብትሉ አይፈረድባችሁም። ካናዳ ብዙ ዓመት ኖረን ታሪካቸውን ያልሰማን ሞልተናል። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

በ1600ዎቹ ከፈረንሳይ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። የሰፈሩት ዛሬ ኖቫ ስኮሺያና ኒው ብረንስዊክ በሚባሉት አካባቢዎች፣ በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። መሬቱ የሚክማቅ ሕዝብ መሬት ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች ተገበያዩ፣ ተጋቡ፣ ተዋለዱ። በዚህ ባሕር ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሚናስ በሚባለው ጥግ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 16 ሜትር ገደማ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አካዲያውያን ታዲያ ጫካ ከመመንጠር ይልቅ ይህን ባሕር የሚውጠውን ረግረግ ወደ እርሻ ለወጡት።

እንዴት መሰላችሁ? አብዋቶ የሚሉት ነገር አላቸው። በአፈር ግድቡ ሥር የሚቀበር የእንጨት ቦይ ነው፤ ውስጡ ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚከፈት መዝጊያ አለው። ባሕሩ ሲጎድል የዝናቡና የጅረቱ ውሃ መዝጊያውን ገፍቶ ይወጣል። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ የባሕሩ ውሃ ራሱ ገፍቶ ይዘጋዋል። ጨዉ በዝናብ ታጥቦ እስኪያልቅ ጥቂት ዓመት ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ያ ጨዋማ ጭቃ ስንዴ ያበቅላል፣ ያውም ምን የመሰለ ስንዴ! አንድ ቤተሰብ ብቻውን የሚችለው ሥራ አይደለም። መንደሩ ደቦ ወጥቶ ነው የሚገድበው። ሠዓሊዋ ሥዕሉን ከዚህ እንድትጀምር የጠየቅናትም ለዚህ ነው። እነዚህን ሰዎች መጀመሪያ ሲሠሩ እንድናያቸው እንፈልጋለን፣ ሲያለቅሱ ብቻ አይደለም።

በ1713 በዩትሬክት ስምምነት ፈረንሳይ ዋናውን አካዲያ ለእንግሊዝ አስረከበች። እንግሊዞችም ለንጉሡ ታማኝነታችሁን ማሉ አሏቸው። እነሱ ደግሞ እንምላለን፣ ግን በፈረንሳይም በሚክማቅም ላይ ጠመንጃ አናነሳም አሉ። ይህ አቋማቸው በ1730 በቃል ተቀባይነት አገኘና "ገለልተኛ ፈረንሳዮች" እየተባሉ ኖሩ። ሁለቱ መንግሥታት እንደገና ጦር ሲማዘዙ ግን ገለልተኝነቱ እንደ ክህደት ተቆጠረ። ጁላይ 28 ቀን 1755 ሃሊፋክስ ላይ በምክትል አገረ ገዢው በቻርለስ ሎውረንስ የሚመራው ምክር ቤት ይባረሩ ብሎ ወሰነ።

ከዚያ ወዲያ ካለው ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ አጠራሩ ነው። ለስብሰባ ኑ ተብለው ነው የተያዙት። ኦገስት 11 ፎርት ቦሴዡር በሚባለው ምሽግ ሮበርት ሞንክተን የሚባል የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የአካባቢውን ወንዶች ጠርቶ 400 ያህሉን እዚያው አሰራቸው። ሴፕቴምበር 5 ደግሞ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ግራን-ፕሬ በምትባለው መንደር ጆን ዊንስሎው የሚባል መኮንን ወንዶቹን ሁሉ፣ 10 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ጨምሮ፣ ወደ ገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ጠራ። 418 ሰዎች ገቡ። በሩ ተዘጋ። መሬታችሁ፣ ቤታችሁና ከብታችሁ ለዘውዱ ተወርሷል፤ ገንዘባችሁንና የቻላችሁትን የቤት ዕቃ ይዛችሁ ከዚህ አገር ትወጣላችሁ የሚል ትእዛዝ ተነበበላቸው። ዊንስሎው ሥራው ከጠባዩ ጋር የማይስማማ መሆኑን በዚያው ቀን ተናግሯል፣ በማስታወሻውም ጽፎታል። አደረገው ግን።

ቤቶቹ ተቃጠሉ። መርከቦቹ ከአቅማቸው በላይ ጫኑ። ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሥር ወደነበሩት የአሜሪካ ግዛቶች በተኗቸው፦ ማሳቹሴትስ፣ ኮኔቲከት፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ደቡብ ካሮላይና፣ ጆርጂያ። (ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖች፣ 900 ያህሉ እናንተ ዘንድ ነው የወረዱት፤ ባልቲሞር ውስጥ መንደር መሥርተው ኖረዋል።) ቨርጂኒያ አልቀበልም ብላ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ወደ እንግሊዝ አሻገረቻቸው። እነሱም ሊቨርፑል፣ ብሪስቶል፣ ሳውዝሃምፕተንና ፋልመዝ ውስጥ ጦርነቱ እስኪያልቅ እስከ 1763 ተይዘው ቆዩ። በ1758 ተራው ዛሬ ፕሪንስ ኤድዋርድ በምትባለው ደሴት የነበሩት ሆነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዱክ ዊልያም የምትባለው መርከብ አትላንቲክ ላይ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ። ቫዮሌት የተባለችውም እንዲሁ ሰጠመች። ሲደመር ከ10,000 በላይ ሰው ተባርሯል፤ በሺዎች የሚቆጠሩት በበሽታ፣ በረሃብና በባሕር ሞተዋል።

ዝም ብለው የተነዱ አይምሰላችሁ። ፔምብሮክ በተባለችው መርከብ የተጫኑ 232 ሰዎች ባሕር ላይ ሠራተኞቹን አሸንፈው መርከቧን ወደ ሴንት ጆን ወንዝ መልሰዋታል። ፎርት ሎውረንስ ውስጥ ታስረው የነበሩ 86 ሰዎች ከሥር ቆፍረው አምልጠዋል። እዚሁ ከተማችን መሃል በሚያልፈው በፔቲኮዲያክ ወንዝ ዳርም ቤቶችን ሊያቃጥሉ የመጡ ወታደሮች ሴፕቴምበር 1755 ላይ ተሸንፈው ተመልሰዋል። ጫካ የገቡትን ደግሞ የሚክማቅ ሰዎች መንገድ መርተዋቸዋል፣ አብልተዋቸዋል፣ ደብቀዋቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በሥዕሉ ላይ እንዲገባ አጥብቄ የተከራከርኩለት እሱ ነው። በ1759 ከባድ ማዕበል ግድቦቹን ሰበረ። መሬቱን የወረሱት አዲስ ሰፋሪዎች ሲመጡ የባሕር ግድብ እንዴት እንደሚጠገን አያውቁም ነበር። ስለዚህ እስረኛ ሆነው የቀሩ አካዲያውያን እየተወሰዱ፣ አባቶቻቸው የሠሩትን ግድብ፣ ከእንግዲህ የነሱ ባልሆነ መሬት ላይ፣ ለሌላ ሰው እንዲጠግኑ ተደረገ። ከ1764 በኋላ መሐላ ፈጽመው መመለስ ሲፈቀድላቸውም እርሻቸው በሌላ ሰው እጅ ነበር። ብዙዎቹ ስስ አፈር ወዳለበት የባሕር ዳር ሄደው ከዜሮ ጀመሩ፣ ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። ሉዊዚያና የደረሱት ደግሞ ዛሬ ካጁን የምንላቸው ሆኑ።

አሁን ወደ ከተማዬ ልምጣ። ሞንክተን የተሰየመችው በዚያው በሮበርት ሞንክተን ነው። ወንዶቹን ለስብሰባ ብሎ ጠርቶ ያሰረው ሰውዬ። ስሙ በየመንገዱ ምልክት ላይ አለ። በፈረንሳይኛ የሚያስተምረውና አካዲያውያን ልጆቻቸውን የሚልኩበት ዩኒቨርሲቲም የእሱን ስም ይዟል፤ ይቀየር አይቀየር የሚለው ክርክርም በቅርብ ዓመታት ጦፎ ነበር። የእኛ ኮሚቴ ስለ ስም ለውጥ አቋም አልያዘም፣ አባላቱም በዚህ አንስማማም። የተስማማንበት ነገር የአዛዡ ስም በየቀኑ በሚጠራበት ከተማ የተባረሩትም ስም በትልቁ ተጽፎ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቀና ብለው የሚያነቡት ቦታ ላይ ይኑር የሚለው ነው። ለብላን፣ ኮርሚዬ፣ ሜላንሶን፣ ቲቦዶ፣ ጎዴ፣ ሪሻር፣ አርሰኖ፣ ቡርክ። እነዚህ ዛሬ የጎረቤቶቻችን፣ የልጆቻችን አስተማሪዎችና የሐኪሞቻችን ስሞች ናቸው። ዊንስሎው ግራን-ፕሬ ላይ የያዛቸውን ወንዶች ስም አስመዝግቦ ነበርና ከዝርዝሩ ውስጥ በርካታ ስሞች እንዳሉ ይጻፋሉ።

ስለ አካዲያ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚታየው በግጥም የተፈጠረች፣ እጮኛዋን ፍለጋ የምትንከራተት ልጃገረድ ምስል ነው። ግራን-ፕሬም ሐውልት ቆሞላታል። እኔ በግሌ እሷ በእኛ ግድግዳ ላይ እንድትወጣ አልፈልግም፣ ኮሚቴውም በዚህ ተስማምቷል። በእውነት የኖሩ፣ ስም ያላቸው ሰዎች እያሉ ምናባዊ ሰው ለምን? ከግድግዳው አንድ ሦስተኛው ደግሞ ለሚክማቅ ሠዓሊ ተትቷል፤ እዚያ ላይ የሚወጣውን የሚወስነው ራሱ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሌላ ቦታ ተሠርቶ ውጤቱ ታይቷል። የሉዊዚያናው ሠዓሊ ሮበርት ዳፎርድ በ1990ዎቹ ፈረንሳይ፣ ናንት ከተማ ውስጥ አካዲያውያን በ1785 በሰባት መርከቦች ወደ ሉዊዚያና ሲሳፈሩ የሚያሳይ የግድግዳ ሥዕል ሠርቷል። ሉዊዚያና፣ ሴንት ማርቲንቪል በሚገኘው መታሰቢያ ውስጥ ደግሞ ሲደርሱ የሚያሳየውን ሠራ። ውቅያኖሱን ተሻግረው የሚተያዩ ሁለት ሥዕሎች ማለት ነው። ከተነሱበት አካባቢ፣ ከእኛ በኩል፣ ሦስተኛ ቢጨመር ምን ያህል ያምራል!

"እኛን ምን አገባን?" ለምትሉ መልሴ አጭር ነው። የምንኖረው እዚህ ነው። ልጆቻችን ከነሱ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ከቤት መነቀል ምን እንደሆነ ደግሞ ለሀበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ሌላም አለ። እነዚህ ሰዎች ተበትነው፣ መሬት ተነጥቀው፣ ከ250 ዓመት በላይ ቋንቋቸውን ይዘው ቆይተዋል። ኒው ብረንስዊክም ከ1969 ጀምሮ በሕግ የሁለት ቋንቋ ክፍለ ሀገር ነች። ልጆቻችን አማርኛ እንዳይጠፋባቸው ቅዳሜና እሑድ የምንሯሯጥ ወላጆች ከነሱ የምንማረው አለ።

"ያለፈ ቁስል ለምን ይነካካል?" የሚሉም አሉ። ቁስሉ ያላቸው ሰዎች ራሳቸው ይነገር እያሉ ነው። በ2003 የካናዳ ጠቅላይ ገዢ የነበሩት አድሪያን ክላርክሰን በንግሥቲቱ ስም መባረሩንና ያስከተለውን መከራ የሚያምን አዋጅ ፈርመው ጁላይ 28 በየዓመቱ የመታሰቢያ ቀን እንዲሆን ተደርጓል። ሥዕሉን የምንመርቀው በዚሁ ቀን ነው።

እሺ፣ ገንዘቡ። ሥራው በጠቅላላው 40 ሺህ የካናዳ ዶላር ይጠይቃል። 26 ሺው ወይ ገብቷል ወይ በጽሑፍ ቃል ተገብቶበታል። የሚቀረው 14 ሺህ ነው። ከፍተኛው ወጪ የሁለቱ ሠዓሊዎች ክፍያ ነው፤ በነፃ እንዲሠሩልን አልጠየቅንም፣ መጠየቅም ነውር ነው። ቀጥሎ የግድግዳው ጥገና ይመጣል። አሮጌ የጡብ ግድግዳ ነው፣ እዚህ ደግሞ ክረምቱ እንደምታውቁት ነው፦ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ይበርዳል፣ ያብጣል፣ ቀለሙን ይዞ ይረግፋል። ስለዚህ መጀመሪያ መገጣጠሚያው ይሞላል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከሥር መያዣ ቀለም ይቀባል፣ ሥዕሉ ካለቀ በኋላም ከፀሐይ የሚከላከል ሽፋን ይደረግበታል። የቀረው ለቀለም፣ ሠዓሊዎቹን ወደ ላይ ለሚያወጣው ማሽን ኪራይና ለኢንሹራንስ ነው።

በመዋጮ ስም ስንቴ እንደተጭበረበርን አውቃለሁና ይህንንም በግልጽ ልናገር። ገንዘቡ የሚቀመጠው በኮሚቴው የባንክ አካውንት ነው፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። ደረሰኝ ሁሉ በየወሩ ለሰጠ ሰው ይላካል። 14 ሺው ሳይሞላ ቀርቶ ሥራው ካልተጀመረ ለእያንዳንዱ የሰጠው ይመለስለታል።

10 ዶላር ብትሰጡ ደስ ይለናል፣ 100 ብትሰጡም እንዲሁ። ማኅበር ወይም ዕቁብ ያላችሁ ተነጋግራችሁ በጋራ ብትልኩ ደግሞ የማኅበሩ ስም ከደጋፊዎቹ ጋር ከግድግዳው በታች ይጻፋል። ገንዘብ የሌላችሁ፣ ጉልበትም እንፈልጋለን። ሞንክተንና አካባቢዋ ያላችሁ ግድግዳውን ለማጠብ ሁለት ቅዳሜ ብትመጡልን እንጀራና ቡና በእኛ ነው። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ በትርጉም አግዙን። በስልክ የሚነበብ ማብራሪያ በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛና በሚክማቅ ቋንቋ ይኖረዋል፤ አማርኛውን እኔ ጀምሬዋለሁ፣ አንብቦ የሚያርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ግድግዳው የሚጠገነው በረዶው ከቀለጠ በኋላ በሜይ ነው። ጠጋኞቹ ቀብድ የሚፈልጉት ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ የምትችሉ እስከ ማርች መጨረሻ ላኩልን። የአካውንቱን መረጃ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ጥያቄ ያለውም እዚያው ይጻፍልኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ።