ፎቶውን መልሰህ ስቀለው

ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የጥቅምት ብርድ ሲገባ ይብስበታል ብላኛለች እማዬ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ላስ ቬጋስ ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም። የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ነው የምጽፍልህ። በስልክ ልነግርህ ሁለት ሦስቴ ጀምሬ አቃተኝ። አንተም ወሬው ወደ ራስህ ሲመጣ ማስቀየር ትወዳለህ። ደብዳቤ ግን አታቋርጠውም።

ባለፈው ስለ ቦክስ ሳነሳብህ "የእኛን ክብደት ማን ያየዋል ልጄ" አልከኝ። ያቺ ንግግርህ ከልቤ አልወጣችም። በፕሮፌሽናሉ ዓለም አንተን የሚያክል ሰው ምን ደረሰ ብዬ ስፈልግ ሰነበትኩ። አገኘሁት። ሪካርዶ ሎፔዝ ይባላል፣ ሜክሲኳዊ ነው።

የሱ ክብደት ከሁሉም ትንሹ ነው። 105 ፓውንድ፣ በኪሎ 47.6። አንተ 48 ነበርክ። በመካከላችሁ ያለው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቢሆን ነው። ክብደቱን በእንግሊዝኛ ከሚጠሩበት ስሞች አንዱ ሲተረጎም "የገለባ ክብደት" ማለት ነው። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ለዓለም ቀበቶ መፎካከሪያ የሆነው ደግሞ በቅርቡ ነው፤ በ1987። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።) ከዚያ በፊት እንዳንተ ያለ ሰው ቀበቶ ከፈለገ ከ49 ኪሎዎቹ ጋር መግባት ነበረበት። ለሌላ ሰው አንድ ኪሎ ምንም ላይመስለው ይችላል። ለአንተ ግን ማስረዳት የለብኝም። ውድድር ሲደርስ በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ደርበህ ስትሮጥ፣ ውሃውን ተጉመጥምጠህ ስትተፋው በልጅነቴ አይቻለሁ። ሚዛን ላይ ወጥተህ ስትመለስ እማዬ የምትሰጥህን አጥሚት ቆመህ ነበር የምትጠጣው።

ሎፔዝ ፕሮፌሽናል ሆኖ የጀመረው በ1985 ነው። አንተ ጓንትህን የሰቀልክበት ዓመት። በጥቅምት 1990 ቶኪዮ ድረስ ሄዶ ሂዴዩኪ ኦሃሺን በአገሩ ሕዝብ ፊት በአምስተኛው ዙር ዘረረውና ቀበቶውን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አልነጠቀውም። ከ20 ጊዜ በላይ ተከላከለ።

አመታቱን ብታየው አባዬ! እጆቹ ከጉንጩ አይርቁም። ግራውን ሲልክ ያምራል፣ ሲመልሰው ግን ይበልጥ ያምራል። የሰፈር ልጆችን ግቢያችን ውስጥ ስታሠለጥን "የላከውን እጅ ቶሎ ቤቱ አስገባው" ትል አልነበር? አሠልጣኙ ኢግናሲዮ ቤሪስታይን ነው፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የምሰማው ያንተን ድምፅ ነው። እግሩን ሳያስተካክል አንድም ቡጢ አይወረውርም። ከሥር ወደ ላይ የሚያመጣት ግራ አለች፤ ተቃዋሚው መሬት ላይ ከሆነ በኋላ ነው ከየት እንደመጣች የሚገባህ። ሦስቴ ወደ ኋላ መልሼ ያየኋት አለች።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ታዲያ ሰው የሚመጣው ሌላ ሊያይ ነበር። በመጋቢት 1998 ሜክሲኮ ሲቲ፣ የበሬ ፍልሚያ በሚካሄድበት ትልቅ ስታዲየም ከኒካራጓው ሮዘንዶ አልቫሬዝ ጋር ተጋጠመ። ሁለቱም ሻምፒዮን ነበሩ፣ ሁለቱም ተሸንፈው አያውቁም። የምሽቱ ዋና ግጥሚያ ግን የሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ ነበር። የእናንተም እንደዚያ ነበር። ትንንሾቹ ቀድማችሁ ስትገቡ ሕዝቡ ገና ወንበር ይፈልጋል። ዋናዎቹ ሲመጡ አንተ ልብስህን ለብሰህ ከኋላ ቆመህ ታይ ነበር። ለውጭ አገር ጉዞ ስም ዝርዝር ሲወጣም ያንተ ስም የተሰረዘው ተሸንፈህ አልነበረም። "ትልልቆቹ ይበቃሉ" ተብሎ ነው። ይህን የነገረችኝ እማዬ ናት። አንተ አንድም ቀን አንስተኸው አታውቅም።

በዚያ ምሽት ሎፔዝ በሁለተኛው ዙር ወደቀ። ሻምፒዮን ሆኖ ሲወድቅ የመጀመሪያው ነው። ተነሣ። ቆይቶ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩና ፊቱ ተሰነጠቀ፣ ከሰባት ዙር በኋላ ግጥሚያው ተቋርጦ አቻ ተባለ። በሕይወቱ ሙሉ ያላሸነፈው ግጥሚያ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ልጽፍልህ የፈራሁት ይኸው።

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አንዲት ጓደኛዬ ቤት መጣች። ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶህን አየች። ጓንት አድርገህ፣ ቁምጣው ሰፍቶህ፣ ጎድንህ እየተቆጠረ። "ቦክሰኛ ነበር? ይሄ?" ብላ ሳቀች። እኔም "አይ፣ ዳኛ ነበር፤ ለፎቶ ብሎ ነው ጓንት ያደረገው" አልኳት። ዞር ስል ጓዳው በር ላይ ቆመሃል። ምንም አላልክም። "ምሳ ብሉ" ብለኸን ወጣህ። በሳምንቱ ፎቶው ግድግዳው ላይ አልነበረም። እማዬ ስትጠይቅህ "ሚስማሩ ላላ" አልካት።

ሚስማሩ አልላላም ነበር። በእጄ ነክቼ አይቼዋለሁ።

ይቅር በለኝ አባዬ። ይህን ለማለት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

ሎፔዝና አልቫሬዝ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ እንደገና ተገናኙ። እኔ ባለሁበት ከተማ፣ ላስ ቬጋስ። አልቫሬዝ ሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱ አልፎ ተገኘ። ሎፔዝ ግን ክብደቱን ጠብቆ ነበር የመጣው። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? እምቢ ማለት ይችል ነበር፣ ገባ። አሥራ ሁለቱንም ዙር ተፋለሙ። ዳኞቹ ሁለት ለአንድ ተከፍለው ለሎፔዝ ሰጡት።

ከዚያ ወደ 49 ኪሎው ወጥቶ እዚያም የዓለም ቀበቶ ያዘ። የመጨረሻውን የተጋጠመው በመስከረም 2001 ኒው ዮርክ ላይ ነው፤ ያኔም ከትልልቆቹ ቀድሞ። በስምንተኛው ዙር በዝረራ ጨረሰው። 51 ድል፣ 38ቱ በዝረራ፣ አንድ አቻ፣ ሽንፈት የለም።

ሁለተኛውን ግጥሚያ ለመቅደስ በስልኳ ልኬላታለሁ። ቅዳሜ መጥታ በቴሌቪዥኑ ትከፍትልሃለች። ውጤቱን ነገርኩህ እንጂ የያንዳንዱን ዙር ነጥብ አልነገርኩህም። እርሳስና ወረቀት ይዘህ ተቀመጥ፣ እንደ ድሮው ዙር በዙር አንተው ዳኘው። ሦስቱ ዳኞች አልተስማሙም፤ እኔ አራተኛውን ነው የምፈልገው።

እዚያው ሳለህ ደግሞ፣ ሚስማሩ ላይ እማዬ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላበታለች አሉ። እሱን ወደ ጓዳ ታዛውረው። ፎቶው ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ እንዳለ አውቃለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሱ እደውላለሁ። ነጥብህን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።

ናፋቂ ልጅህ