በሶው ሥር ያስቀመጥኩልህ ደብዳቤ

ለምወድህ ልጄ፣

ይህን ወረቀት ያገኘኸው በሶውን ከፌስታሉ ስታወጣ መሆን አለበት። ሆን ብዬ ነው ከሥር ያደረግኩት፣ አጎትህ ፊት እንዳትከፍተው። ለብቻህ ስትሆን አንብበው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል ትለኝ ይሆናል። ስልኩንማ ሞክሬው ነበር እኮ። ባለፈው ሐሙስ ደውዬ ወሬውን ዙሪያ ጥምጥም ሳመጣው ገባህና "እሺ እማ፣ እሺ፣ ክፍል ልገባ ነው" ብለህ ዘጋኸው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የምን ክፍል እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አባትህን "አንተ ብታናግረው ይሻላል፣ ወንድ ለወንድ ትግባባላችሁ" ብለው "መድኃኒት ቤት የምትሠሪው አንቺ፣ እኔ ምን አውቃለሁ" ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። እኔው ላይ ወደቀ።

ለገና የመጣህ ለታ ማታ ቡና እየቆላሁ ነበር። አንተ ጓዳው በር ላይ ቆመህ ስልክ ታወራለህ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ድምፅህ ለስልሷል፣ ከቃልህ ሳቅህ ይቀድማል፤ ልጄ አደገ ብዬ፣ እንዳላሳፍርህ ፊቴን ወደ ምጣዱ አዞርኩ። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ድምፅህ ተለወጠ። "የት ነሽ?" አልክ። "ከማን ጋር?" "እሱ ደግሞ ማነው?" ትንሽ ዝም ብለህ ቆየህና "እንደዛ ከሆነ አሁን ያለሽበትን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ" አልካት። ስልኩን ዘግተህ ትጠብቅ ጀመር። ፎቶው መጣ መሰለኝ፣ ፈገግ አልክ። ቡናው አረረ። አባትህ "ምን ሆነሽ ነው ዛሬ?" ሲለኝ ጭሱ ዓይኔ ገባ አልኩት።

ያኔውኑ አልተናገርኩም። በዓል ነው፣ ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ ለማስረዳት የትልቋን አክስትህን ነገር መንገር አለብኝ፤ እስከ ዛሬ ለአንዳችሁም ነግሬ አላውቅም።

አክስትህ ቤታችን ስትመጣ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ልጅ ሆነህ "ለምን እዚያ ትቀመጣለች?" ብለኸኝ "ልማዷ ነው" ብዬህ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ጥር ስትዳር እሷ 14፣ እኔ 8 ዓመታችን ነበር። ያን ጊዜ የነበረው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት 15 ዓመት ይል ነበር፤ ግን እኛ መንደር ሕግ የሚያነብ ማን አለ? ለወንድም ለሴትም 18 ያደረገው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ነው፣ ክልላችንም የራሱን ያወጣው ከዚያ ቆይቶ ነው። ለእህቴ አልደረሰላትም። ሽማግሌ መጣ፣ አባቴ እሺ አለ፣ ቀን ተቆረጠ፣ ጠላ ተጠመቀ። እሷን የጠየቀ የለም።

በሠርጉ ዋዜማ ጎታው ጀርባ ተደበቀች። እኔ አየኋት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም እንድል ለመነችኝ። እናቴ "የት ገባች?" ስትል ግን ጠቆምኳት፤ ልጅ ነበርኩ፣ አዲስ ቀሚስ ይገዛልሻል ተብያለሁ። የጎታውን አፍ በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች። ሲያላቅቋት እንሶስላ የሞቀ ጣቷ ጥፍር ሥር የጎታው ጭቃ ገብቶ ነበር። ጎረቤቶቹ "ሙሽራ ማልቀስ ደንቡ ነው" ተባባሉ። አንዷማ ምን ያምር ለቅሶ አለች።

ባሏ ደብዳቢ አልነበረም። ይህን የምነግርህ ዱላ የሌለበት ነገር ሁሉ ደህና እንዳይመስልህ ነው። ውኃ ወርዳ ትንሽ ከዘገየች "የት ነበርሽ? ከማን ጋር ቆመሽ ነበር?" ይላታል። እኛ ቤት ስትመጣ ልጅ ልኮ ያስጠራታል። ሰው ሁሉ ታዲያ "ይወዳታል፣ ካልቀና ምኑን ወደደ" ይል ነበር። በሩ አጠገብ መቀመጥ የለመደችው ሲያስጠራት ቶሎ ለመነሳት ነው። ሰውየው ከሞተ ስድስት ዓመቱ። እሷ አሁንም እዚያው ነች።

በገና ማታ ድምፅህ ውስጥ የሰማሁት እሱን ነው፣ ልጄ።

አንተ እሱ ነህ አላልኩም። እሱ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበር፣ አንተ ገና 17 ዓመትህ ነው፤ ያየኸውንና የሰማኸውን ነው የምታደርገው፣ ጓደኞችህም እንዲያው ሳይሆኑ አይቀርም። መቅናትም ኃጢአት አይደለም። እኔ ደሴ ኮሌጅ እያለሁ አባትህ ሊጠይቀኝ መጥቶ ከአንድ መምህራችን ጋር ቆሜ ስስቅ አየኝ። ቀኑን ሙሉ ፊቱን እንዳጠቆረ ዋለ። ማታ መናኸሪያ ስሸኘው "ከዚያ ሰውዬ ጋር ስትስቂ ከፋኝ" አለኝ። "ይክፋህ፣ ቀልደኛ ነው" አልኩት። ሳቀና አውቶቡሱ ላይ ወጣ። በቃ። "ከፋኝ" ብሎ የራሱን ስሜት ነው የነገረኝ እንጂ እኔን አላዘዘኝም። አንተም ብትቀና "ከፋኝ" በላት። "ፎቶ ላኪ" ግን የዘበኛ ወሬ ነው። የስልኳን የይለፍ ቁጥር መጠየቅ፣ "ኦንላይን ነበርሽ፣ ለምን አልመለስሽልኝም" እያሉ መቆጣትም ያው ነው። ያቺ ልጅ ያለችበትን ፎቶ ስትልክልህ ወደደችህ ማለት ላይሆን ይችላል። ነገር እንዳይመጣ ብላ ይሆናል።

ሌላው "እሺ" እና "እምቢ" የሚባል ነገር ነው። እኛ አገር ሰው እምቢ ማለት አያውቅበትም። እንግዳው "በቃኝ" ይላል፣ እኔ "በሞቴ!" እላለሁ፣ "ኧረ ጠገብኩ" ይላል፣ "አፈር ስሆን" እላለሁ፣ ይጎርሳል። ስንቱን አስጨንቄ አጉርሻለሁ። ምግብ ስለሆነ ነው፤ ቢበዛ ሆዱን ቢነፋው ነው። ጓደኞችህ "ሴት ልጅ እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው" የሚሏት ፈሊጥ ከዚሁ ከማዕዱ የተለቀመች ይመስለኛል። ለገላ ግን "በሞቴ" የለም። ደግሞ ልጅቷ ፊት ለፊት "አልፈልግም" እስክትልህ ብትጠብቅ ላትሰማው ትችላለህ፤ ይሉኝታ ይዟት። "እናያለን" ትልሃለች። "ፈተና አለብኝ" ትላለች። "እናቴ ትቆጣለች"፣ "ደክሞኛል"፣ "ሌላ ጊዜ"። ወይ ምንም ሳትል መሬት መሬት እያየች የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። ይሄ ሁሉ እምቢ ነው። ትናንት እሺ ብላ ዛሬ ብትተወውም እምቢ ነው፣ ትናንት ብለሽ የለም ወይ ብሎ ሙግት የለም። ካልገባህ ጠይቃት፤ መጠየቅ ያሳፍራል ካልክ ነገሩም ገና አልደረሰልህም።

አንተም እምቢ ማለት ትችላለህ። ይህን ለወንድ ልጅ የሚነግረው ስለሌለ ነው የምጽፈው። ጓደኞችህ "እስካሁን?" ብለው ቢስቁብህ ይሳቁ። ግማሾቹ የሚያወሩት ያላደረጉትን ነው፤ ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ ሆነው ሲገዙ ስለማያቸው አውቃለሁ። አንዱ ጎረምሳ መጀመሪያ ፓራሲታሞል ይገዛል። ሰው እስኪወጣ ይቆማል። ከዚያ በአገጩ ወደ መደርደሪያው ይጠቁመኛል። ኮንዶም ስሰጠው እንዴት እንደሚከፈት እንኳ አያውቅም፣ ሰፈር ሲወርድ ግን ጀግና ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝን ልንገርህ። ቅዳሜ ማታና እሑድ ጠዋት ሴቷ ብቻዋን ትገባለች። ወረፋው እስኪያልቅ የፀጉር ቅባት ስታገላብጥ ትቆያለች። ተራዋ ሲደርስ በአፏ አትናገረውም፣ ስልኳ ላይ የጻፈችውን ዘርግታ ታሳየኛለች። ፖስት ፒል፣ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ ክኒን። ቀና ስል ልጁ በመስታወቱ ይታየኛል፤ መንገዱን ተሻግሮ ሱቁ ጥላ ሥር ቆሞ ስልኩን ይጎረጉራል። አብሯት ገብቶ የቆመ ልጅ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያየሁት ሁለት ነው። አንደኛው "ያማት ይሆን?" ብሎ ጠየቀኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ለእሷ የምነግራትን ላንተም ልንገርህ፣ ማዶ የሚቆሙት አይሰሙትምና። ፖስት ፒል ከግንኙነት በኋላ እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚወሰድ ነው፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ጽንስ አያስወርድም፤ ቀድሞ ከተፀነሰ ምንም አይሠራም። ኤችአይቪንም ሆነ ሌላውን የአባላዘር በሽታ አይከላከልም። በየሳምንቱ የሚወሰድ ነገርም አይደለም፣ የወር አበባዋን ያዛባባታል። እርግዝናንም በሽታንም አንድ ላይ የሚከላከለው ኮንዶም ነው፣ እሱም በትክክል ከተጠቀሙበት፤ ቀኑ ያላለፈበት፣ በኪስ ቦርሳ ውስጥ ከርሞ ያልተጠበሰ። ተቀዶ ኤችአይቪ የሚያሰጋ ነገር ከተፈጠረ ዛሬ ነገ ሳይባል ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ 28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። እኛ ባንኮኒ ላይ የሚሸጥ አይደለም፣ መርምረው እዚያው ነው የሚሰጡት።

ይህን ስጽፍ አድርግ እያልኩህ አይደለም። እኔን ብትጠይቀኝ ቆዩ ነው የምለው። እንኳን ለልጅ ለራሳችሁም ገና በሰው እጅ ነው የምትበሉት። አፍረኸኝ ሰፈር ያለ ጎረምሳ ከምትጠይቅ ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

አንድ የምታውቀው የማይመስለኝ ነገር አለ። አንተ ነሐሴ ላይ 18 ትሞላለህ። እሷ 16 ናት አሉ (እህትህ ናት የነገረችኝ፣ እንዳትጣላት)። ከግንቦት 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ከ13 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ካላት ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመን ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። "ተስማምተን ነው" ብሎ ማምለጥ የለም፣ በዚያ ዕድሜ ያለችን ልጅ እሺታ ሕጉ አይቆጥረውም። ላስፈራራህ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ላስፈራራህም ነው።

አሁን የምለምንህ ያን ፎቶ አጥፋው። ሌላም ካለህ ሌላውንም። አንተ ለማንም አታሳይም ብዬ አምናለሁ፤ ግን ስልክ ይሰረቃል፣ ጓደኛ "እስቲ ላየው" ይላል፣ ከዚያ ቴሌግራም ላይ የወጣን ነገር ማን ይመልሰዋል? ደውልላትና ያን ማታ የተናገርካት ልክ እንዳልነበር ንገራት። እናቴ ናት ያለችኝ እንዳትል ብቻ፤ የእናቱ ልጅ ትልሃለች።

ምናልባት ትተወኛለች ብለህ ፈርተህ ይሆናል እንዲያ ያጠበቅክባት። ልትተውህ ትችላለች። እኔም ከአባትህ በፊት የተወኝ ሰው ነበር፣ ሁለት ሳምንት እህል አልበላ ብሎኝ ከርሜያለሁ (አባትህ ይህን አያውቅም፣ ይህን ወረቀት እዚያው ቅደደው)። ያ የመጣ ለታ አውቶቡስ ያዝና ና። 130 ኪሎ ሜትር ምን አላት? ለምን መጣህ ብዬ አልጠይቅህም። አባትህ ምንም አይልም፣ ዝም ብሎ እሳቱ አጠገብ ቦታ ይለቅልሃል፤ የእሱ ማጽናናት እሱ ነው።

ማሩን ቀጥ አድርገህ አስቀምጠው፣ ክዳኑ ያፈሳል። ከዳቦ ቆሎው ለአጎትህ ልጆች አካፍላቸው፣ ደብቀህ እንዳትበላ። የተቀደደውን ሹራብህን ሰፍቼዋለሁ፣ በዚያው ፌስታል ነው ያለው።

የልጅቷን ስም እንኳ አልነገርከኝም። ለእረፍት ስትመጣ ጓዳ ገብተህ ንገረኝ፤ ቡናውን አላሳርረውም።

እናትህ
ደብረ ብርሃን፣ ጥር