ለቱሪዝም ሚኒስቴር፦ ላሊበላ ኤርፖርት ለሚወርድ ያገር ሰው አንድ ወረቀት ይታሰብለት

ለተከበራችሁ የቱሪዝም ሚኒስቴር የሥራ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለላሊበላ ከተማ አስተዳደር

ስለ ላሊበላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጉዞ መመሪያ ሞልቷል። የትኛው ሆቴል በረንዳ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ እንደምታምር ሳይቀር ይነግራል። እኔ የምጠይቃችሁ ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው። ኤርፖርቱ ላይ ለሚወርደው ያገር ሰው፣ በአማርኛ፣ ፊትና ጀርባው የተጻፈበት አንድ ወረቀት አዘጋጁልን።

ኤርፖርቱ ያለው ሹምሽሃ ነው። ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከአውሮፕላን ከወረደ በኋላ ነው። ባለፈው ስሄድ ነጠላቸውን ያጣፉ አንድ እናት ከሕንፃው ወጥተው ዙሪያውን ቃኙ። ሜዳ፣ ተራራና የቆሙ ሚኒባሶች ብቻ። «ልጄ፣ ላሊበላ የታለ?» አሉኝ። ወደ ተራራው ጠቆምኩላቸው። «እዚያ ላይ? በእግር ነው እንዴ?» መኪና አለ ብዬ አረጋጋኋቸው። ከዚያ የዋጋው ጣጣ መጣ። ለእሳቸው አንድ ዋጋ፣ ከኋላቸው ለቆመው ወጣት ሌላ ዋጋ። ሾፌሩ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ቱሪስት በጠፋባቸው ዓመታት ያ ከተማ እንዴት እንደከረመ እናውቃለን። ግን ታሪፉ በር ላይ ተለጥፎ ቢሆን እኚያ እናት ገና ከመድረሳቸው ክርክር ባልገጠሙ። እንግዲህ የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ይኸው ነው፦ ርቀቱ፣ ታሪፉ፣ መኪናው የሚቆምበት ቦታ።

መንገዱም ራሱ ሊነገርለት ይገባል። ከኤርፖርቱ እስከ ከተማው 500 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ከቆላ የመጣ አረጋዊ የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ቢል ይሻለዋል። ደግሞ ከተማው ሊደረስ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገበቴዎች ይጠራቀማል። ምእመኑ ጠበል ብሎ ይወስደዋል። ስንቱ መንገደኛ በመስኮት እንኳ ሳያየው ያልፋል!

ከተማ ከተገባ በኋላ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት የሚያወድስ ሰው አይጠፋም። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1978 መዝግቧቸዋል። ወረቀቱ እዚያ ላይ ቃል አያባክን። ሰው የሚቸገርበትን ይንገረን። አብያተ ክርስቲያናቱ በሁለት ወገን የተሰበሰቡ ናቸው፤ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ደረጃው የት የት እንደሚበዛ አስቀድሞ ይወቅ። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ያለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ግድግዳውን እየዳበሱ ማለፍ ለወጣት ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለአያት ግን የስልክ መብራት ያስፈልጋል። ጫማ በየበሩ ይወልቃልና ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ይመረጣል። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። ይህን በሩ ላይ ደርሶ መስማት ቅር ያሰኛል፤ ቀድሞ ላወቀ ግን ሥርዓት ነው፣ ያከብረዋል። ክፍያ የሚመለከተው ማንን ነው? የማይመለከተውስ? አስጎብኚ መያዝ ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ? ይህም በግልጽ ይጻፍ።

ገናን ለብቻው አንድ አንቀጽ ስጡት። ያን ሰሞን ከተማው ከአቅሙ በላይ ይሞላል። የቤተ ማርያምን ቤዛ ኩሉ ለማየት የሚመጣው ሕዝብ ብዙው ያገር ሰው ነው። ሆቴል የለም ሲባል የት ይደር? ሽንት ቤት የት ነው? የጠፋ ልጅ የት ይፈለጋል? እነዚህን ማንም የጉዞ ጸሐፊ አይጽፋቸውም።

ሌላው የጸጥታና የበረራ ጉዳይ ነው። በ2015 ክረምት የላሊበላ በረራ ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። በወልድያና በጋሸና በኩል በመኪና የሚመጣውም ስለ መንገዱ የሚጠይቀው ዘመድ ነው። ዘመድ የሌለው ማንን ይጠይቅ? ወረቀቱ ላይ የሚነሳ ስልክ ይኑር። «የሚነሳ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ወረቀቱን አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጣችሁ አትጻፉት። ረቂቁን ለደብሩ አገልጋዮች፣ ለአስጎብኚዎቹ፣ ለሚኒባስ ሾፌሮቹ አሳዩአቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ፊደሉ አረጋውያን የሚያነቡት ይሁን። የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ የባለሥልጣን ፎቶና የመልካም ምኞት መግለጫ ይቅርብን። የታተመበት ቀን ይጻፍበትና በየስድስት ወሩ ይታደስ። ከኤርፖርቱ አስተዳደር ጋር ተነጋግራችሁ ሻንጣ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ብታስቀምጡት ሰው ቆሞ ያነበዋል፤ እዚያ ሌላ ሥራ የለውማ።

ለመጪው ገና ቢደርስ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ያገር ውስጥ ተጓዥ