የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ድረ ገጽ

«የኮምፒውተር ክበብ ማለት የጌም ክበብ ነው» የሚል አስተያየት ዘንድሮም ተሰምቷል። መልሳችን ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ የተቀመጠችው ትንሽ ሳጥን ናት። ውስጧ አንድ ራስቤሪ ፓይ 4 የሚባል የመዳፍ ያህል ትንሽ ኮምፒውተር ከ64 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ካርድ ጋር፣ አጠገቧ ደግሞ አሮጌ ራውተር አለ። ስልክ የያዘ ተማሪ ከራውተሩ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ብራውዘሩ ላይ የሳጥኗን አድራሻ፣ 192.168.1.10 ብሎ ሲጽፍ ኮሊብሪ በተባለው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፕሮግራም የሚቀርቡ ትምህርቶች፣ ድረ ገጾችን ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው በኪዊክስ የሚነበበው የአማርኛ ውክፔዲያ፣ ፌት የሚባሉት የሳይንስ ሙከራ ማስመሰያዎችና ክበቡ ራሱ የጻፋቸው ገጾች ይከፈቱለታል። ካርድ መሙላት አያስፈልገውም። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አምፖልና ባትሪ በተከታታይና በትይዩ ማገናኘትን መጀመሪያ በፌት ላይ ተለማምደው ነው እውነተኛውን ሽቦ የነኩት። ያሉን አምፖሎች ጥቂት ስለሆኑ በስህተት የሚቃጠል አንድ አምፖል እንኳ ለእኛ ብዙ ነው።

ስብሰባችን እንደ ወትሮው ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነበር። 31 ተመዝግበው 24 አባላት እስከ ሰኔ ዘልቀዋል።

መጀመሪያ ያስቸገረን ስልኩ ራሱ ነው። ራውተሩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ ሳይነግረን ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ ገጹም «አልተገኘም» ይላል። መፍትሔው ዳታውን አጥፍቶ መግባት ነው፤ ይህን በትልቁ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጥፈናል። ሁለተኛው ፍላሽ ዲስክ ነው። 32 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ እያለው አንዱን ፋይል አልቀበልም አለ፤ ምክንያቱም ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይዝም። ይህ ገደብ በሌለው ኤክስፋት በሚባል አሠራር እንደገና ፎርማት ሲደረግ ተቀበለ።

ጥር ላይ ሳጥኗ እየጻፈች ሳለ መብራት ጠፋና ሚሞሪ ካርዱ ተበላሸ። የሁለት ሳምንት ሥራ ጠፍቷል፤ ቅጂ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ትክክለኛ ቅጂ ያለው ሁለተኛ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሳጥኗም ሳትዘጋ ከሶኬት አትነቀልም። ፓይ 4 የሰዓት ባትሪ ስለሌለው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ወደኋላ ይቀራል፤ የፈተና ውጤት ከመመዝገቡ በፊት ቀኑን በእጅ ማስተካከል የተረኛው አባል ሥራ ሆኗል።

ስለ ሚያዝያው ጉዞ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ሳጥኗን ይዘን ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወዲያ ወዳለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄድን። መብራት እንደማይኖር አስቀድመን ስለሰማን 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ተዋስን። ወንዶቹ በ5 ቮልት አባዝተው 100 ዋት ሰዓት አሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል ተነሥታ ቁጥሩ የተጻፈው ውስጡ ላሉት ባለ 3.7 ቮልት ባትሪዎች እንደሆነ አስረዳች፦ 74 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲደረግ የሚባክነውን ቀንሳ 60 ያዘች። ሳጥኗ 4፣ ራውተሩ 5 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል መሆኑ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከፍተን 9 ሰዓት ከሩብ ላይ በሥርዓት ስንዘጋ ፓወር ባንኩ ላይ አንዲት መብራት ቀርታ ነበር። ኬብሉም አጭርና ወፍራም እንዲሆን ያስጠነቀቀችው እርሷ ናት፤ በቀጭንና በረጅም ኬብል ቮልቴጁ ይወርድና ሳጥኗ ትንገዳገዳለች።

እዚያ አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ክበባችን ያዘጋጀውን የሳይንስ ቃላት ገጽ ከፍቶ መፈለጊያው ላይ «ጸሀይ» ብሎ ጻፈ። ምንም አልወጣም። ቀና ብሎ ያችኑ የ10ኛ ክፍል አባላችንን «ጸሀይ የለችም እንዴ?» አላት። ነበረች፤ ግን የተጻፈችው «ፀሐይ» ተብላ ነው። ለኮምፒውተር «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሀ» እና «ሐ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሥርዓት ለየብቻ ቁጥር አላቸው። ልጅቷ መልስ አልሰጠችውም፤ ደብተሯን አውጥታ ፊደሎቹን መደርደር ጀመረች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሥራውን ይዛ መጣች፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን ወደ አንድ የሚመልስ የመተኪያ ዝርዝር ነው። «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ»፤ አምስት ቤት በሰባት ሆሄ፣ 35 መተኪያ። «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» የሚመልሱ ሁለት ሲጨመሩ 37። ሁለቱን መጀመሪያ ላይ ስላስቀመጠቻቸው «ኃይል» «ሃይል» ሆኖ ቀረና «ሀይል» ብሎ የጻፈ አላገኘውም። ወደ መጨረሻ ስታወርዳቸው ሠራ። መተኪያው የሚሠራው ተፈላጊውን ቃልና የተከማቸውን ቃል ሲያነጻጽር ብቻ ነው፤ ተማሪው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ትክክለኛውን አጻጻፍ፣ «ፀሐይ»ን ነው። የአማርኛ መምህራኖቻችን ይህን አይተው ቢያርሙን ደስ ይለናል። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ኮድ ከሃምሳ መስመር አይበልጥም፤ እኔ ግን በዚህ ትምህርት ቤት ካየኋቸው የተማሪ ሥራዎች ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ገጽ ለሚጽፉ ሌሎች ክበባት አንድ ማሳሰቢያ፦ የኤችቲኤምኤል ፋይሉ (ገጹ የተጻፈበት ፋይል) ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ ፊደላት ማስቀመጫ አሠራር ይቀመጥ፤ ይህን ለብራውዘሩ የሚነግረው የሜታ ቻርሴት መስመርም ከርዕሱ በፊት ይግባ። አለዚያ አማርኛው የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በምትኩ ባዶ አራት ማዕዘን ከታየ ግን ጥፋቱ የፎንት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት ገጹ ባለበት ማኅደር አብሮ ማስቀመጥና በገጹ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ክፍል) ውስጥ በ@font-face መጥራት ያስፈልጋል።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ይህን ቢያነብ ብዬ የሚከተለውን እጽፋለሁ። በኮምፒውተር ክፍሉ ካሉት 25 ኮምፒውተሮች የሚሠሩት 11 ናቸው፤ ክፍሉም አብዛኛውን ሳምንት ተቆልፎ ይውላል። ራውተሩ የተገዛው በመምህራን መዋጮ ነው፤ ፓወር ባንኩ የውሰት ነው። ለ2018 የምንጠይቀው ሁለት ሚሞሪ ካርድ፣ አንድ የራሳችን ፓወር ባንክ፣ ለሳጥኗ የሰዓት ባትሪ ሞጁልና የክፍሉን ቁልፍ ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቢሆንም ዋይፋዩ የሚሠራ አሮጌ ስልክ ያላችሁ ወላጆች ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ብታመጡልን እንቀበላለን፤ በሚያዝያ ወደ ሄድንበት ትምህርት ቤት በጥቅምት እንመለሳለን ብለን ቃል ገብተናል፤ ባለፈው ለአምስት ልጅ የደረሰው አንድ ስልክ ነበር።