ፍርሃት አልገደለውም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክ እንዳልነግርዎ ጆሮዎ እያስቸገረዎ ነው፤ ጮኼ እንዳልናገር ደግሞ ብሎኩ ሁሉ የሚሰማው ነገር አይደለም። መነጽርዎን ያድርጉና ቀስ ብለው ያንብቡት። እማዬ አጠገብዎ ካለች ለሷም ያንብቡላት፤ እኔ ላይ መቆጣቷ ባይቀርም።

ነገሩ የኅዳር 12ቱ ነው። ቆሻሻው ከብሎኩ ጀርባ ተቃጥሎ፣ ጭሱ ገና ከደረጃው ሳይወጣ፣ ኮሚናል ቤት ቡና ተፈላ። እርስዎ እንደ ወትሮዎ የአያትዎን ታሪክ አነሡ፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ ቀባሪ እንደጠፋ። እሱን ታሪክ ስንት ጊዜ ብሰማው አይሰለቸኝም። ከዚያ ግን ወደ ኮሮና ዞሩና «እኔን በሰባ ዓመቴ መች ጣለኝ! ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በቂዬ ነበር። ሰዉን የጨረሰው ፍርሃት ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሣቀ። የብረት በያጁ ሚስት አልሣቀችም። ሁለተኛውን ሳትጠጣ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ «ውሃ የመጣ መሰለኝ» ብላ ወጣች። የእኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ እንደሆነ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል።

ልጅ አባቱን አይመክርም፤ ልምከርዎትም አይደለም። ግን የዚያን መጋቢት ነገር ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ የደበቅሁዎትም አለ።

መጀመሪያ የአያትዎን ነገር ላንሣ። ሁልጊዜ «ጎበዝ ጎበዙን መርጦ ወሰደው» ይሉ እንደነበር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። እውነታቸውን ነው። የኅዳር በሽታ ዓለም የስፔን ጉንፋን የሚለው ነው፤ ከሌላው ጉንፋን የሚለየውም ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ሰው አብዝቶ መግደሉ ነበር። ራስ ተፈሪ በ26 ዓመታቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ኮሮና ደግሞ ግልባጩ ሆነ፤ ሕፃናቱን ነካ ነካ አድርጎ እያለፈ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እየከፋ ሄደ፤ ከሴትም ወንድ ላይ በረታ። እንግዲህ ያኔም የወደቁት ወጣቶች ፈሪ ስለነበሩ ነው ልንል ነው?

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

የ2013 ቅበላ ትዝ ይልዎታል? የካቲት 28፣ እሑድ። ክትባቱ ቦሌ ገባ፣ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ነው ሲባል በቴሌቪዥን አብረን አይተናል። እኔ ከመገናኛ ስመጣ ሁለት ቀን ራሴን አሞኝ ነበር። መድኃኒት ቤት ቆሜ ስለምውል የድካም መስሎኝ ፓራሲታሞል ውጬ መጣሁ። ሳል የለኝ፣ ትኩሳት የለኝ። ከዶሮ ወጡ መጀመሪያ ለእርስዎ፣ ቀጥሎ ለእማዬ አጎረስኩ። የኔ ኮሮና እንግዲህ ያቺ ራስ ምታት ብቻ ነበረች። ለሰኞ ድኜ ሥራ ገባሁ። ተመርምሬ ነው ያወቅሁት እንዳልል፣ የተመረመርኩት እርስዎ ከተኙ በኋላ ነው፤ ግን ቀኑን ስቆጥረው ከሌላ ከማንም ሊሆን አይችልም።

እማዬን ደግሞ በአፍንጫዋ መጣባት። ደም ግፊት ያለባት እሷ ናት፣ ለእሷ ነበር የፈራነው፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተኛችም። ሽሮው አርሮ ጭሱ ኮሪደሩን ሞልቶ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ፣ እሷ እዚያው ምድጃው አጠገብ ምስር ትለቅም ነበር። ቫይረሱ የማሽተቻውን ነርቭ ራሱን ሳይሆን በዙሪያው ሆነው የሚደግፉትን ሴሎች ነው የሚያጠቃ፤ ለዚህ ነው ለብዙ ሰው ቀስ ብሎ የሚመለሰው። ለእሷ ለግንቦት ልደታ ተመለሰላት፤ ጤና አዳም ግን እስከ ዛሬ ጎማ ጎማ ይለኛል ትላለች።

የእርስዎ ነው እንግዲህ ዋናው። ሁለት ቀን አተኮሰዎትና ተወዎት። «አለቀ፣ ይኸው ነው» ብለው ልብስዎን ለብሰው ወጡ። በዘጠነኛው ቀን ዳቦ ይዘው ሲመለሱ ከላይ ሆኜ አየሁዎት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ስልክ የሚያወሩ መሰሉ። ሦስተኛው ላይም እንዲሁ ስልኩን ጆሮዎ ላይ ለጠፉ፤ ያውም በማይሰማው በኩል። አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ከንፈርዎ ወደ ሰማያዊ ሄዷል፤ እርስዎ ግን ስለ ዳቦው ማነስ እየቀለዱ ነበር። ያቺን ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋን የደም ኦክስጅን መለኪያ አደረግሁልዎት። «ስንት አለ?» አሉኝ። «93» አልኩዎት።

81 ነበር፣ አባባ።

እኛ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ እዚህ ጤነኛም ሰው ከ95 በታች ቢያሳይ ብዙም አይደንቅም፤ ስለዚህ 93 ቢሉዎት አይደነግጡም ብዬ ነው የመረጥኩት። 81 ግን የትም አገር ቢሆን ለሊት የማያሳድር ቁጥር ነው። እንዴት ሳይጨንቀኝ ይላሉ። ሾፌር ነዎት፣ ይገባዎታል፦ ሞተሩ እየጋለ ጌጁ የማይነሣበት መኪና አለ አይደል? ሰው ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ የሚጨነቀው በአብዛኛው የተቃጠለው አየር ከደሙ መውጣት ሲያቅተው ነው፤ ኦክስጅን ስላነሰ ብቻ ያን ያህል አይጮህም። በዚህ በሽታ ደግሞ በመጀመሪያው ላይ የተቃጠለው አየር በደህና ይወጣል፤ የሚገባው ነው የሚያንሰው። ጌጁ ዝም ይላል፣ ሞተሩ ይቃጠላል። እርስዎ ያልፈሩት ጌጁ ስላልሠራና እኔ ስለዋሸሁ ነው።

ሆስፒታል «ለምርመራ ነው» ብዬ የወሰድኩዎትም ለዚያው ነው። እኛ በደረስንበት ሰዓት ኦክስጅን ያለው አንድ አልጋ ተለቆ ነበር። አንድ። የማን አልጋ እንደነበረና ለምን እንደተለቀቀ አልጠየቅሁም። ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ተኙ፤ በሆድዎ ገልበጥ እያደረጉ ያስተኙዎትም ሳንባዎ በጀርባ በኩል እንዲከፈት ነው፤ እርስዎ ግን እስከ ዛሬ «ነርሷ ጠልታኝ» ይላሉ። በየቀኑ የሚሰጡዎትም ዴክሳሜታሶን ነበር። እኛ ለአለርጂና ለመገጣጠሚያ ስንሸጠው የኖርን ርካሽ መድኃኒት ነው። እንግሊዝ አገር በሺዎች በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ ሞክረውት ሰኔ 2012 ላይ ውጤቱን ሲናገሩ፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሟቾች ሲሶውን፣ በኦክስጅን ካሉት ደግሞ ከአምስት አንዱን ቀነሰ አሉ። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ግን ምንም አልጠቀመም። ለእኔ ራስ ምታት ቢሰጡኝ ከንቱ ነበር ማለት ነው። በሳምንቱ ገደማ የሚመጣው ሁለተኛው ሕመም ከቫይረሱ ይልቅ የገዛ ሰውነታችን ቁጣ ስለሆነ ነው፤ መድኃኒቱ ቁጣውን ነው የሚያበርደው።

ፌጦውን አልጠላውም። ጉሮሮ ይጠርጋል፣ የእማዬም እጅ አለበት። 81ን ወደ 90 ያወጣው ግን እሱ አይደለም።

በያጁ ሲሞት 44 ዓመቱ ነበር። ጉልበቱን ያውቁታል፤ የበረንዳችንን ብረት ብቻውን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ያወጣ ሰው ነው። ሆስፒታል በገባበት ዋዜማ እንኳ ከታች ሲበይድ ብልጭታው በመስኮት ይታየኝ ነበር። ፈርቶ ቢሆን ኖሮ ይተኛ አልነበር? ሚስቱ እንደነገረችኝ ስኳር እንዳለበት ያወቀው እዚያው ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ስንት ዓመት ይዞት እንደኖረ እንጃ። ሁለት ቦታ አልጋ የለም ተብሎ ተመልሶ ሦስተኛው ጋ ነው የተቀበሉት፤ ከእርስዎ በሦስት ቀን ዘግይቶ።

ስኳሩ ነው? መዘግየቱ ነው? ሌላም አለ፣ በዓይን የማይታይ። ቫይረስ ሲገባ ሰውነት መጀመሪያ የሚደውለው ደወል ኢንተርፌሮን ይባላል። በመስከረም 2013 የወጣ ጥናት፣ ክፉኛ ከታመሙት ከመቶው አሥር ያህሉ ይህን የገዛ ደወላቸውን የሚያፍን አንቲቦዲ (ሰውነት ለመከላከያ የሚሠራው ነገር) በደማቸው ውስጥ እንዳለ አገኘ። ከእነሱም ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ሲያዩት ግንብ ነው፤ ራሱም አያውቀውም። በያጁ ከእነዚያ አንዱ ነበር አልልም፤ አልተመረመረለትም። የሰውን ደም ውስጡን ሳናውቅ ግን ስለ ልቡ መፍረድ ከበደኝ።

ፍርሃትስ እኛ ጋ ነበር። እርስዎ ሆስፒታል ስለነበሩ አላዩም። ሰልስቱ ቀን ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ነው የተመለሰው፤ እኔም ጭምር። የቤታችን በሽታ ከኔ እንደመጣ እያወቅሁ፣ ወደ እነሱም ያሻገርነው እኛ እንሆን እያልኩ፣ ገብቼ ፍራሹ ላይ አልተቀመጥኩም። ይህን ለእሷም አንድ ቀን እነግራታለሁ። ይቅር ትለኝ እንደሆን አላውቅም።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ይቅርታ ይጠይቋት አልልም፤ እርስዎም አይሆንልዎትም፣ እሷም ታፍራለች። ኮሮናንም ባያነሡባት ደስ ይለኛል። የበረንዳው ብረት በታችኛው ማጠፊያ በኩል ለቆ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እየተንቋቋ እማዬን ሌሊት ይቀሰቅሳታል። ትልቁ ልጅዋ የአባቱን መበየጃ ይዞ ሥራ ጀምሯል፤ ከኖራው መጋዘን ጎን ነው ያለው። ሄደው «አባትህ የሠራው ነው፣ አንተ አጥብቀው» ይበሉት። ዋጋ አይከራከሩት፤ ልማድዎን ስለማውቅ ነው።

ቅዳሜ የእማዬን የግፊት መድኃኒት ይዤ እመጣለሁ። ያቺን የጣት መለኪያም አመጣታለሁ፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ራስዎ ያነቡታል።

የሚወድዎት ልጅዎ